ማሽን አይርበውም፦ በፋብሪካ ጌሞች ጥሬ ዕቃ የማከፋፈል ክርክር

አራት ማቅለጫዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። እያንዳንዳቸው በደቂቃ 30 ፍሬ የብረት ማዕድን ይፈጃሉ። ከማውጫው የሚመጣው ማጓጓዣ ቀበቶ በደቂቃ 120 ፍሬ ያደርሳል። 120 ለአራት ሲካፈል 30 ነው፤ የሚተርፍም የሚጎድልም የለም። ጣጣው ቀበቶው አንድ፣ አፎቹ አራት መሆናቸው ነው። ቅድሚያ የሚደርሰው ለማን ነው? ፋብሪካ በሚያስገነቡ የቪዲዮ ጌሞች ዘንድ ይህች ትንሽ ጥያቄ ተጫዋቾችን በሁለት ጎራ ከፍላ ኖራለች። አንዱ ወገን ለእያንዳንዱ ማሽን ድርሻው ተለክቶ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ እኩል ይድረሰው ይላል። ሌላው ወገን ቀበቶውን በማሽኖቹ ደጃፍ አሳልፈህ ዘርጋው፣ የፊተኛው ሲጠግብ የተረፈው ለኋለኛው ይደርሳል ባይ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በአብዛኛው ቦታ ሁለተኛው ወገን ትክክል ነው። እኩልነት የግድ የሚሆንባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ተጫዋቹ ግን ላቡን የሚያፈስሰው ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደለም።

ጌሞቹን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የዘውጉ አውራ ፋክቶሪዮ ነው። መቀመጫውን ፕራግ ያደረገው ዉቤ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2016 ገና ሥራው ሳያልቅ በስቲም የኢንተርኔት መደብር ለገበያ አቅርቦት፣ የተጠናቀቀውን እትም በ2020 አወጣ። ሁለተኛው የስዊድኑ ኮፊ ስቴይን ስቱዲዮስ ያዘጋጀው ሳቲስፋክተሪ ነው፤ በ2019 ገና ሳያልቅ ለገበያ ቀርቦ በ2024 ተጠናቀቀ። በሁለቱም ተጫዋቹ ባዶ እጁን ከሰው በራቀ ፕላኔት ላይ ይገኛል። ድንጋይ ፈልፍሎ ያቀልጣል፤ ከቀለጠው ዝርግ ብረት፣ ዘንግና ብሎን ያወጣል፤ እንዲህ እያለ እስከ ሮኬትና ኑክሌር ጣቢያ ይደርሳል። አውሬና ጠላት መኖሩ ባይቀርም የዕለት ሥራው ከወታደር ይልቅ ለቧንቧ ሠራተኛ ይቀርባል፤ ምን ከየት ወደ የት፣ በምን ፍጥነት እንደሚፈስ ማስላት ነው።

የእኩልነት ወገን መሣሪያ ስፕሊተር ይባላል። በሳቲስፋክተሪ አንድ መግቢያና ሦስት መውጫ አለው። የመጣለትን ፍሬ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ እያለ በየተራ ያድላል፤ አንዱ መውጫ ከተዘጋበት ደግሞ የዚያን ድርሻ ለቀሩት ይሰጣል። ይህችን የመጨረሻ ጠባዩን አንባቢ ልብ ይበላት፤ ክርክሩ የሚፈታው በእሷ ነው። ለአራት ማሽን ማካፈል ቀላል ነው። ቀበቶው ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፋይ ዳግም ለሁለት ይከፈላል፣ አለቀ። ለሁለትና ለሦስት ብቻ መክፈል የሚችል መሣሪያ ግን በ6፣ በ8፣ በ9ና በ12 ሲታዘዝ በ5፣ በ7ና በ13 ያምፃል። ለዚህ የተገኘው ብልሃት መመለስ ነው። ለአምስት ማካፈል የፈለገ ለስድስት ይከፍልና አንዱን እጅ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። የተመለሰው ከአዲሱ ጋር እንደገና ለስድስት ይከፈላል፤ በስተመጨረሻ አምስቱ ማሽኖች እያንዳንዳቸው አንድ አምስተኛ ያገኛሉ።

ብልሃቱ ደስ ይላል፣ ሒሳቡም አይዛነፍም። ዋጋው የሚታየው ፋብሪካው ሲተልቅ ነው። በሳቲስፋክተሪ አምስተኛ ደረጃ የሚባለው ቀበቶ በደቂቃ 780 ፍሬ ይሸከማል፤ ይህ 26 ማቅለጫ ይመግባል። 26 የ13 እጥፍ ስለሆነ በቀጥታ አይከፈልም። ስለዚህ ለሦስት፣ እንደገና ለሦስት፣ አሁንም ለሦስት ተከፍሎ 27 ቅርንጫፍ ይወጣና አንዱ ይመለሳል። እዚህ ላይ መነሻዋን አጭር ቀበቶ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ከማውጫው የሚመጣው 780 እና የሚመለሰው 30 የሚገናኙት በእሷ ላይ ነው፤ እንድትሸከም የተጠየቀችው 810 ነው። አትችልም። 780 ብቻ ስታሳልፍ ከዚያ ውስጥ አንድ ሃያ ሰባተኛው ተመላሽ ስለሆነ ለማሽኖቹ የሚደርሰው 751 ገደማ ይሆናል። ወይ ይህን ጉድለት መቀበል፣ ወይ እዚያች ቦታ ላይ በደቂቃ 1200 የሚሸከም ስድስተኛ ደረጃ ቀበቶ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ከግራም ከቀኝም እኩል የሆነው አከፋፈል ሙሉውን ጭነት ማሳለፍ አቃተው ማለት ነው። ለሐቅ ሲባል አንድ ነገር ይታወቅለት፦ ይህ እየከፈለ የሚያድል አሠራር፣ ቅርንጫፍ እንበለው፣ የሚፈጀው 13 ስፕሊተር ብቻ ሲሆን፣ ቀበቶውን በማሽኖቹ ደጃፍ የሚያሳልፈው ተርታ 25 ይፈልጋል። በቁጥር ከሆነ ቆጣቢው ቅርንጫፉ ነው። የሚያባክነው ቦታንና የሰውን ጭንቅላት ነው፤ ሃያ ሰባት ቀበቶ አንዱ ባንዱ ላይ እየዘለለ ሲሄድ የትኛው የማን እንደሆነ ከሳምንት በኋላ ራሱ ገንቢው አይለየውም።

አሁን ተጫዋቾች ማኒፎልድ ወደሚሉት ተርታ እንለፍና አራቱን ማቅለጫዎች እንያቸው። ቀበቶው በደጃፋቸው ያልፋል። በፊተኞቹ ሦስት ማሽኖች አጠገብ አንዳንድ ስፕሊተር ተተክሏል፤ አንዱ መውጫ ወደ ማሽኑ፣ ሌላው ወደፊት። አራተኛው ማሽን ቀበቶው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። እያንዳንዱ ማሽን በመግቢያው 100 ፍሬ ማጠራቀም ይችላል እንበል። ሲጀመር የመጀመሪያው በደቂቃ 60 ይደርሰዋል። የሚፈጀው 30 ስለሆነ ሌላው 30 በሆዱ ይጠራቀማል። ሁለተኛው 30 አግኝቶ በልኩ ይሠራል። ሦስተኛውና አራተኛው 15፣ 15 እየደረሳቸው በግማሽ ጉልበት ይንቀሳቀሳሉ። ሦስት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሲሆን የመጀመሪያው ሆድ ይሞላል፤ ከዚህ በኋላ የሚቀበለው የሚፈጀውን ያህል ብቻ ነው። 90 ወደፊት ያልፋል፤ ሁለተኛው 45 ተቀብሎ 15ቱን ማጠራቀም ይጀምራል፤ ኋለኞቹ 22 ተኩል፣ 22 ተኩል ይደርሳቸዋል። ሌላ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሲያልፍ ሁለተኛውም ይጠግባል። 60 ያልፋል፤ ለሦስተኛው 30፣ ለአራተኛው 30። ልክ በአሥረኛው ደቂቃ አራቱም ድርሻቸውን ይዘዋል። የለካ የለም፤ ያዳረሳቸው ጥጋቡ ነው።

በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች የባከነ ነገር ካለ ይፈለግ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ኋለኞቹ የጎደላቸው በድምሩ 100 ፍሬ ነው፤ በሁለተኛውም 100። ይህ 200 ፍሬ የት ሄደ? በፊተኞቹ ሁለት ማሽኖች ሆድ ውስጥ ነው፤ አንድም አልጠፋም። በደቂቃ 120 ለሚያወጣ ፋብሪካ 200 ፍሬ የ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሥራ ነው፤ ያውም አንዴ ብቻ የሚከፈል። አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው የወረፋ ሕግ ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። ሕጉ በአንድ ሥርዓት ውስጥ የተቀመጠው ክምችት፣ የሚገባው ፍጥነት በቆይታው ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው ይላል። 26ቱም ማቅለጫዎች ሆዳቸው ቢሞላ 2,600 ፍሬ ነው፤ ለ780 ሲካፈል 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይመጣል። ማሽኖቹ አራት ቢሆኑም ሁለት መቶ ቢሆኑም በሆዳቸው የሚቀረው ሥራ ከዚህ አይበልጥም። ማሽን ሲበዛ የሚረዝመው ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። የዘንግ ተርታ የብሎንን ተርታ፣ የብሎኑ ደግሞ ሌላውን የሚመግብ ከሆነ መዘግየቶቹ እየተደራረቡ ሰዓት ሊፈጁ ይችላሉ፤ ተርታን የሚነቅፉ ሰዎች ትዕግሥታቸው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ችኩል የሆነ ግን ፊተኞቹን ማሽኖች በእጁ ሞልቶ ሊጀምር ይችላል።

ከባዱ ተቃውሞ የእጥረቱ ነው። በደቂቃ 120 መምጣቱ ቀርቶ 90 ብቻ ቢመጣስ? በቅርንጫፉ አራቱም 22 ተኩል ይደርሳቸውና ሁሉም በሦስት አራተኛ ጉልበት ይሠራሉ። በተርታው ፊተኞቹ ሁለቱ ሙሉ 30 ይወስዳሉ፣ ኋለኞቹ በ15 ይቀራሉ። ይህ ዓይንን ይቆጠቁጣል። ከመስኖ ቦይ ራስ ላይ ያለው ማሳ ጠጥቶ ጠግቦ፣ ግርጌ ላይ ያለው ሲደርቅ ያየ ሰው ፍርዱን ለመስጠት አያመነታም። ነገር ግን ግርጌ ላይ ያለው ማሳ ባለቤትና ቤተሰብ አለው፤ ማሽን አይርበውም። አራቱም ማቅለጫዎች የአንድ ሰው ናቸው፣ የሚያወጡት አንድ ዓይነት ብረት ነው፣ የሚያፈስሱትም ወደ አንድ ቀበቶ ነው። በደቂቃ 90 ከገባ በሁለቱም አሠራር የሚወጣው 90 ነው። የማዕድ ላይ ፍትሕን ወደ ማሽን ቤት ይዘን ስንገባ ነው የምንሳሳተው። እንዲያውም እጥረት ሲኖር ተርታው የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ይናገራል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ማሽኖች መብራታቸው ቢጫ እየሆነ ሲቆሙ፣ ምን ያህል እንደጎደለ ከሩቅ ቆሞ ማንበብ ይቻላል፤ ሁለት ማሽን በግማሽ፣ የአንድ ማሽን ቀለብ። በቅርንጫፉ ሁሉም ማሽን ትንሽ ሠርቶ ትንሽ ያርፋል፤ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ደህና ነው ብሎ ያልፋል። እኩል የተካፈለ ጉድለት ለመታየት ይዘገያል።

በፋክቶሪዮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ ማሽን ከቀበቶ የሚመገበው ኢንሰርተር በሚባል የማንሻ ክንድ ነው፤ ክንዱም ለሁለት ዙር ሥራ የሚበቃ ያህል ካስገባ በኋላ በጥቅሉ ይቆማል። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ተርታው ቶሎ ይረጋጋል። ተራውን ቢጫ ቀበቶ በሰከንድ 15 ፍሬ የሚሞላው የ48 የድንጋይ ምድጃ ሰልፍ የጌሙ ሀሁ ነው፤ ቀበቶውን ለ48 እኩል ልክፈል ያለ ሰው አላጋጠመም ማለት ይቻላል። እኩልነት በፋክቶሪዮ የምትነሣው በማሽኖች መካከል ሳይሆን በቀበቶዎች መካከል ነው። አራት ቀበቶ ብረት ጎን ለጎን ተዘርግቶ የፋብሪካው አውራ ጎዳና ይሆናል፤ ቅርንጫፎች ሁልጊዜ ከዳር ካለው ስለሚቀዱ እሱ ሲራቆት ሌሎቹ ሞልተው ይቆማሉ። ለዚህ የተፈለሰፈው ባላንሰር ነው፤ ቀበቶዎቹን በስፕሊተሮች አጠላልፎ ከሁሉም የመጣውን ለሁሉም እኩል ያድላል።

ባላንሰር ከጌም ውጭ የዘር ሐረግ አለው። ለአራት ቀበቶ የሚበቃው ቀላሉ ንድፍ አራት ስፕሊተር ይፈጃል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። እኩል ያካፍላል፣ ግን ወጥመድ አለበት። ጭነቱ በአንዱ ፊተኛ ስፕሊተር በሁለቱም መግቢያ ሞልቶ መጥቶ፣ ክፍት የሆኑት የአንዱ ኋለኛ ስፕሊተር ሁለት መውጫዎች ብቻ ቢሆኑ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ቀበቶ ብቻ ነውና ከሁለት ቀበቶ ሙሉ ጭነት አንዱ ብቻ ያልፋል። ይህን ለማስቀረት ስድስት ስፕሊተር ያስፈልጋል። ተጫዋቾች የደረሱበት ይህ ቅርጽ፣ ከቼክ የመጣው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ቫስላቭ ቤኔሽ በቤል ላብራቶሪ ሳለ በ1960ዎቹ ለስልክ ማዞሪያ ካጠናው መረብ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ማንም ደዋይ ማንንም እንዲያገኝ መስመሩ መሐል ላይ እንዳይታነቅ የተባለው ነገር፣ የብረት ፍሬ እንዳይታነቅ ዋለ። ፋክቶሪዮም የፕራግ ልጅ ነውና ግጥምጥሞሹ ያስቃል። ይሁንና በአውራ ጎዳናው ላይ በየቦታው ባላንሰር መትከል ያው የቅርንጫፉ ችግር አለበት፦ እጥረት ሲመጣ አራት ግማሽ ባዶ ቀበቶ ይሰጥሃል። በ2017 መጨረሻ የወጣው የጌሙ 0.16 እትም ለስፕሊተር ቅድሚያ የመስጠት ችሎታ ከጨመረ ወዲህ ሌላ መንገድ ተከፍቷል፤ ጭነቱን ሁሉ ወደሚቀዳበት ዳር መግፋት። የሚቀዳበት ቀበቶ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ጉድለት ሲኖር ሩቅ ያለው ቀበቶ ባዶ ሆኖ ይታያል። ዳይሰን ስፌር ፕሮግራም የተባለው የቻይና ጌምም በስፕሊተሩ ላይ እንዲሁ ቅድሚያ ማስያዝ ያስችላል።

እንግዲህ እኩልነት የግድ የሚሆነው የት ነው? ተቀባዮቹ እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ቦታ ነው። ከሁሉ የጠራው ምሳሌ የፋክቶሪዮ ባቡር ነው። አንድ ፉርጎ 2,000 ፍሬ የብረት ማዕድን ይጭናል። አራት ፉርጎ የሚጎትት ባቡር «ሲሞላ ተነሣ» ተብሎ ከታዘዘ፣ ሦስቱ ሞልተው አራተኛው 1,900 ላይ ቢሆን ንቅንቅ አይልም። ትርፉ ለኋለኛው አይፈስስም፤ የሞላው ፉርጎ ጎረቤቱን አይረዳም። የጣቢያው ፍጥነት የሚለካው በዘገየው ፉርጎ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች የጣቢያውን ሣጥኖች በሽቦ አገናኝቶ የሁሉንም ይዘት ይደምርና ለብዛታቸው ያካፍላል፤ እያንዳንዱ ኢንሰርተር ሣጥኑ ከአማካዩ በታች ሲሆን ብቻ ይሞላል። እዚህ የሚደከመው ድካም ይክሳል።

ሁለተኛው ቦታ ኃይል ማመንጫ ነው። በሳቲስፋክተሪ አንድ የከሰል ጀነሬተር በደቂቃ 15 ፍሬ ከሰል ይፈልጋል፤ 120 ከሰል ስምንት ጀነሬተር ያንቀሳቅሳል። በተርታ ሲመገቡ ስምንተኛው መጀመሪያ ላይ በደቂቃ አንድ ፍሬ እንኳ አይሞላለትም። ማቅለጫ ቢሆን ኖሮ መጠበቅ ብቻ ነበር። የዚህ ጌም መብራት ግን ፍጆታው ከምርቱ ሲበልጥ ቀስ ብሎ አይደክምም፤ ፊውዙ ይበጠሳል፣ ሁሉም በአንዴ ይጠፋል። የከሰል ማውጫውና የውኃ መሳቢያው በዚያው መብራት የሚሠሩ ከሆነ ማን ማንን ያስነሣል? በፋክቶሪዮ ማሽኖቹ ይዘገያሉ እንጂ በአንዴ አይቆሙም፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት አከፋፈል በአንዱ ጌም ጥፋት ሆኖ በሌላው ምንም ላይሆን ይችላል። የተርታ ወገን መልስ አለው፦ ጀነሬተሮቹ ሁሉ እስኪጠግቡ ጭነት አታገናኝባቸው። መልሱ ይሠራል፤ ግን ትዕግሥትን የፋብሪካው አካል ያደርገዋል፣ ትዕግሥት ደግሞ በቀበቶ አይመጣም።

ሦስተኛው ጉዳይ የእኩልነትን ወገን የሚያስደነግጥ ነው። በፋክቶሪዮ፣ በጌሙ መሥራች ቅጽል ስም የተሰየመው የኮቫሬክስ ማበልጸጊያ 40 ፍሬ ዩራኒየም 235 እና 5 ፍሬ ዩራኒየም 238 ተቀብሎ 41 እና 2 ይመልሳል። በዙር የሚገኘው ትርፍ አንዲት ፍሬ ዩራኒየም 235 ናት፤ ለመጀመር ግን አርባው ባንድ ማሽን ውስጥ መገኘት አለበት። አርባው የሚገኘው ደግሞ በመከራ ነው። አሥር ፍሬ የዩራኒየም ማዕድን ተፈጭቶ 235 የመውጣት ዕድሉ 0.7 በመቶ ነውና በአማካይ 57,000 ያህል ማዕድን ይጠይቃል። ይህን ሀብት ያጠራቀመ ሰው ሴንትሪፊዩጅ የሚባለውን የማበልጸጊያ ማሽን አራት ተክሎ እኩል ቢያካፍል እያንዳንዱ አሥር ይደርሰዋል፤ አንዱም አይንቀሳቀስም። ለመጀመሪያው ብቻ ቢሰጥ ማሽኑ ወዲያው ይነሣል፣ በየዙሩ አንዲት ፍሬ እየጨመረ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን ማስነሣት ይችላል። ሥራ ለመጀመር የተወሰነ መጠን በሚጠየቅበት ቦታ እኩል መካፈል ሁሉንም እኩል ማስቆም ሊሆን ይችላል።

ከጌም ውጭ ያለው ፋብሪካም ይህን ክርክር ያውቀዋል። እስራኤላዊው የፊዚክስ ሰው ኤሊያሁ ጎልድራት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው «ዘ ጎል» በተባለ ልቦለድ የተከራከረው ሁሉንም ማሽን እኩል በሥራ ማስጠመድ ግብ ሊሆን አይገባም ብሎ ነበር፤ የፋብሪካውን ፍጥነት የሚወስነው ማነቆው ነው፣ ሌላ ቦታ ላይ የተገኘ ትጋት ክምችት ብቻ ይወልዳል። እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ሊጠይቅ ይገባዋል፦ ተርታስ ክምችት አይወልድም ወይ? ይወልዳል። በእውነተኛ ፋብሪካ 2,600 ፍሬ በማሽን ሆድ ውስጥ ተኝቶ ከዋለ የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ቶዮታን የመሰለ ኩባንያ እንዲህ ያለውን ክምችት ሲያሳድድ ኖሯል። በጌሙ ግን ማዕድን ወለድ አያስከፍልም፣ አይዝግም፣ መጋዘን አይከራይም። ስለዚህ ከእውነተኛው ዓለም የማነቆን ትምህርት መውሰድ ያዋጣል፤ የክምችትን ፍርሃት መዋስ ግን አያዋጣም።

የቀረው ተቃውሞ የውበት ነው። ቅርንጫፉን የሚገነቡ ሰዎች በደንብ ያውቁታል፤ ሃያ ስድስት ማቅለጫ በአንድ ትንፋሽ ሲነሣ ማየት ያስደስታል፣ ጌም ደግሞ ለደስታ ነው። ይህን የምከራከርበት ምክንያት የለኝም፤ ለውበት የሚሠራ ሰው ለውበት መሥራቱን አውቆ ይሥራ። የምከራከረው ምርት ይጨምርልኛል ብሎ ለሚደክመው ነው፤ እሱ ከመጀመሪያው ስፕሊተር በፊት የሚገባውንና የሚፈጀውን ደምሮ ያነጻጽር። 90 ገብቶ 120 የሚፈለግ ከሆነ አካፋዩ ምንም ቢራቀቅ የሚወጣው 90 ነው፤ የሚያስፈልገው ሌላ ማውጫ ነው።